ዱዌናዋን የተከተልኩ ቀን

ቴፒ ውስጥ ሬዲዮው የተበላሸበት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። እውነቱን ለመናገር ሌላ ጠጋኝ አልነበረም፤ ግን ቢኖርም ወደ እኔ ነበር የሚመጡት። ጉረኛ ነው ከማለታችሁ በፊት እኔው ቀድሜ ልበላችሁ፤ ጉረኛ ነኝ፣ ልጆቼም ይመሰክራሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ጉራ ስለማልነዛበት አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ ነው።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ባለሱቁ ስኳር የሚጠቀልልበትን መዝገበ ቃላት ከባንኮኒው ላይ ለምኜ አስጣልኩት። ሽፋን የለውም። የ"ኤ" ገጾች በሙሉ ስኳርና ጨው ተጠቅልሎባቸው ቴፒን ዞረው አልቀዋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ በ"ኤ" የሚጀምር ቃል ሲገጥመኝ የማላውቀው ሰው ሰላም ያለኝ ያህል ደንገጥ እላለሁ። ከ"ቢ" ወዲያ ግን አትምጡብኝ።

"ዲ" ላይ ነው ያገኘኋት። ዱዌና። ቃሉ የስፔኖች ነው፣ እንግሊዞች ተውሰው አስቀሩት ይላል። ትርጉሙ ደግሞ፦ ወጣት ሴት ብቻዋን እንዳትወጣ፣ ከወንድ ጋር ብቻዋን እንዳትቀመጥ፣ ቤተሰብ አብራት እንድትሆን የሚመድባት በዕድሜ የገፋች ሴት። አነበብኩና መጽሐፉን ዘግቼ "እንግሊዞች እትዬ ወይንሸትን የት አዩአቸው?" አልኩ።

እትዬ ወይንሸት የአስቴር አክስት ናቸው። አስቴር ቴፒ የተመደበች አስተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ሚዛን አጠገብ፣ አማን ነው የሚኖሩት፤ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ የመጣ፣ ዘራቸውን እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ቴፒ ስትመደብ አባቷ ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት አትከራይም ብሎ ባላቸው የሞተባቸውን እህቱን አብሮ ላካቸው። እሳቸውም መጡ። መጡ ብቻ አይደለም፤ ተተከሉ።

አስቴርን ወድጃታለሁ። እሷም እንዳልጠላችኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ቤታቸው ስሄድ እትዬ ወይንሸት ሳይኖሩ አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ትንሿን የእንጨት መቀመጫ ዱካቸውን በሁለታችን መካከል አድርገው ኮረሪማ እየፈለፈሉ ይቀመጣሉ። አይናገሩም። እኔ ቀልድ ስናገር አስቴር ትስቃለች፣ እሳቸው አንድ ፍሬ ይፈለፍላሉ። አስቴር አጥር ድረስ ልትሸኘኝ ስትነሳ እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። አንድ ቀን ቴፕ ልፈትሽላችሁ ብዬ ጓዳ ልገባ ስል ቴፑን ተሸክመው አወጡልኝ። ክብደቱን ታውቁታላችሁ፣ የድሮ ቴፕ ነው።

ለጓደኛዬ ለኩባው ነገርኩት። ኩባው ያልነው በልጅነቱ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው ተምሮ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ስለተመለሰ ነው። ስፓኒሽ እንደ ውኃ ይናገራል። ቃሉን ሲሰማ ሳቀ። እነሱ ዘንድ ባለቤት፣ የቤት እመቤት ማለት ነው አለኝ፤ ዘበኛ ያደረጓት እንግሊዞቹ ናቸው። እኔ የእንግሊዞቹን ያዝኩ። በወር ጊዜ ውስጥ የቴፒ ጎረምሳ ሁሉ "ዱዌናዋ ገበያ ወጣች፣ ዱዌናዋ ገባች" ይለኝ ጀመር።

እቅዴ ቡና ለቀማው ሲያልቅ ሽማግሌ አማን መላክ ነበር። ግን ሽማግሌ የፈለገውን ያህል ቢናገር፣ የልጅቷ አባት የሚያምነው እህቱን ነው። እሳቸው አንዲት ቃል ከተናገሩ አለቀልኝ። ስለዚህ አንድ እሁድ እትዬ ወይንሸት ከኮረሪማው ቀና ብለው የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አያቴስ ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሲዘጋጅ እንደኖረ ሰው መለስኩ።

"አያቴ የግራዝማች አበጋዝ ልጅ ነው" አልኳቸው።

ግራዝማች አበጋዝን አላውቃቸውም። አንድ ሰሞን ሚዛን ስሠራ ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣ አንድ ሰውዬ ስለ እሳቸው ሲያወራ ሰምቼ ስሙ ጥሩ መስሎኝ ነው። ደግሞ ውሸት ላይ ሙያ አለኝ፤ ውሸት ሲነገር ሰው ሄዶ እንዳያጣራው ተደርጎ ነው። እና ጨመርኩበት፦ አያቴ የተወለደው ከሕግ ሚስታቸው ሳይሆን ከአንዲት የአገሬው ሴት ነው፣ በይፋ አልተቆጠረም፣ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀን።

የእትዬ ወይንሸት እጅ ኮረሪማው ላይ ቆመ። ተደነቁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ምሳ ሲቀርብ የእኔን ወጥ ያበዙልኛል። ቀና ስል ግንባሬን እያዩ አገኛቸዋለሁ። በዚያው ልክ ዱካቸውን ይበልጥ ወደ እኔ አስጠጉ፣ አስቴርንም አጥር ድረስ መሸኘት ከለከሏት። አጉራሽም ከልካይም ሆኑብኝ። ይባስ ብሎ ኩባው ቤት ሲገቡ ሁለት ጊዜ በዓይኔ አየሁ። ኩባውን ምን ፈልገው ነው ብዬ ስጠይቀው፣ የእግሩን ጣት እያየ "ምንም፣ የአትክልት ነገር ነው" አለኝ። ኩባው ደሞዝተኛ ነው፣ ባሕር ማዶ የተማረ ነው፣ ሚስት የለውም። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ተቀመጠ፤ ሴትዮዋ አስቴርን ለጓደኛዬ እየደለሉለት ነው።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያው አጠገብ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ እትዬ ወይንሸትን ብቻቸውን አየኋቸው። ቆሜ ቀረሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ከልጅቷ ጎን ያልጠፉ ሴትዮ ብቻቸውን፣ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሚዛን የሚሄድ አይሱዙ ስር ቆመዋል። ኩባው ከየት መጣ ሳልል መጥቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ ከተው ጋቢና ገቡ።

እስቲ አስቡት። ዱዌናዋ ጥበቃዋን ጥላ ሄዳለች። አስቴር ቤት ብቻዋን ናት። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ቀን መጣልኝ። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ልጅቷን ትቼ አክስቷን ተከተልኩ። ጥርጣሬ ሰውን እንዲህ ያደርጋል፤ የተከፈተ በር አስትቶ በአጥር ያዘልለዋል።

አይሱዙው ላይ፣ ከቡናው ጆንያ አናት ላይ ወጣሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ላስቲክ ነበረው፤ ዝናብ ሳይኖር ለምኜ ተከናነብኩት። ታመሃል ወይ ሲለኝ አዎ ወባ ነው አልኩት። ሰውዬው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

የዚያን ጊዜውን የቴፒና ሚዛን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አጋማሽ ሳንደርስ ጭቃ ያዘንና የላይኞቹ ሁላችንም ወርደን ግፉ ተባልን። ላስቲኬን እስከ አፍንጫዬ ድረስ ጎትቼ ከሰው ኋላ ሆኜ ገፋሁ። እትዬ ወይንሸት በጋቢናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሲቃኙን ቆዩ። ቀጥሎ ሾፌሩ አንድ ብርቱካን ይዞ መጣና "ለበሽተኛው ስጡት ብለዋል እናታችን" ብሎ በእጄ አስያዘኝ። በላሁት። ጠላት ቢሆኑም ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር።

መንገዱን ሙሉ የኩባውን ሰርግ ሳይ ነው የሄድኩት። ወረቀቱ ምንድን ነው? የስምምነት ደብዳቤ ነው። የሚሄዱትስ? አማን፣ ለልጅቷ አባት ሊያደርሱ ነው። ሚዛን ስንደርስ ግን አማን አልሄዱም። ወርደው ከሚዛን ወዲያ ሸዋ ቤንች ወደምትባል ከተማ የሚሄድ ላንድሮቨር ጠየቁ። እዚያ ዘመድ እንደሌላቸው አስቴር ነግራኛለች። አሁን ነገሩ ከኩባውም ባሰብኝ። ሸዋ ቤንች ሀብታም ነጋዴ ይኖራል፣ ኩባው ደላላው ነው፣ እሳቸው አቀባይ ናቸው። በሦስቱም ላይ በልቤ ፈረድኩባቸው። ከላንድሮቨሩ ኋላ ተንጠልጥዬ ሄድኩ።

ሸዋ ቤንች ወርደው፣ ቅያስ ተሻግረው፣ እንሰት የከበበው አንድ ቤት በር ላይ ቆሙ። ቡና እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። ቤቱ የነጋዴ ቤት አይመስልም፤ ጣሪያው ሳር ነው፣ ግድግዳው ጭቃው ረግፎ እንጨቱ ይታያል። እሳቸው ሲገቡ እኔ ዞሬ እንሰቱ ውስጥ ገባሁና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሰማዩም አላሳፈረኝም፣ ወዲያው ዝናቡን ለቀቀው።

ውስጥ አንድ በጣም ያረጁ ሰው ድምፅ ይሰማል። ዘጠና ዓመት ቢሆናቸው ነው። እትዬ ወይንሸት ጉልበታቸውን ስመው ሲቀመጡ በቀዳዳው አየሁ። ወረቀቱን ከደረታቸው አወጡና ዘረጉት። ጽሑፍ ነው፤ ስም በስም ላይ የተደረደረበት፣ በመስመር የተያያዘ። እትዬ ወይንሸት አይጽፉም። የኩባው እጅ ጽሑፍ መሆኑን ከሩቁ አወቅኩት።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አሉ እትዬ ወይንሸት። "እርስዎ አያቴ ግራዝማች አበጋዝ ቤት ነው ያደጉት።"

እንሰቱን ያዝኩ። አያቴ አሉ። ካገሩ ስም ሁሉ መርጬ የሴትዮዋን የራሳቸውን አያት ነበር የሰረቅኩት።

"አያቴ ከአንዲት የአገሬው ሴት የወለዱት ልጅ ነበር ይባላል" ብለው ቀጠሉ። "እኛን በሕፃንነቱ ሞተ ነው ያሉን። እውነት ሞቷል?"

ሽማግሌው "ማን ሊወርስ መጣ?" አሉ።

"ለውርስ አይደለም። ለጋብቻ ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ዘረዘሩላቸው፤ እኔም በግድግዳው ማዶ ከወገቤ በላይ እየረጠብኩ ሰማሁት። አንድ ልጅ አለ አሉ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ደግ ነው። የወንድሜን ልጅ ይወዳታል፣ ትወደዋለች። ግን የዚያ የተደበቀ ልጅ የልጅ ልጅ ነኝ ይላል። እውነት ከሆነ እሱና ልጅቷ ሦስት ቤት ናቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። ስሙን ሁሉ አስጽፌ ስቆጥር ከረምኩ፣ ማምለጫ አጣሁ።

"ሞቷል ቢሉኝ ልጁ ዋሽቶኛል ማለት ነው" አሉ። "ለውሸቱ እቀጣዋለሁ፣ ልጅቷን ግን እሰጠዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ሞቷል ይበሉኝ አባባ።"

እኔ ሕይወቴን ሙሉ የሰማሁት ነገር የለም ያን ያህል የከበደኝ። ዓመት ሙሉ ዘበኛ ያልኳቸው፣ ከተማ ያሳቅኩባቸው ሴትዮ ጭቃና ዝናብ ረግጠው የመጡት ለእኔ ቀዳዳ ሊፈልጉ ነው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሞተ ያልነው ግራዝማች ሞተ በሉ ስላሉን ነው" አሉ። "አልሞተም። አብሬው አድጌአለሁ። ጎረምሳ ሲሆን ወደ ቴፒ በኩል ሄደ።"

ውሸቴ እውነት ሆኖ ተመሰከረለት። ከእንግዲህ የግራዝማች የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ፣ ወንድምም ዘመድም አገኘሁ፣ አስቴርን ግን አጣሁ።

እትዬ ወይንሸት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ድምፃቸውን ሳያነሱ ወደ ግድግዳው ተናገሩ። "በል ና ግባ፣ እንሰቱ ውስጥ ያለኸው። ከቴፒ ጀምሮ ጫማህን እያየሁት ነው የመጣሁት። ግባና ከአያትህ ጋር ያደጉትን አባባ ሳም።"

ጫማዬ ነጭና ጥቁር ነበር። ያኔ ቴፒ ላይ እንደዚያ ያለ ጫማ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይህንንም የምለው በጉራ አይደለም።

ገባሁ። ውኃ ከላዬ ይንጠባጠባል። ሽማግሌው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ። "ግንባሩ ቁርጥ ግራዝማች" አሉ። "አፍንጫውም።"

"አይደለሁም" አልኩ። "ዋሽቼ ነው። ግራዝማች የሚባሉ ሰው አላውቅም፤ ስማቸውን ሬዲዮ ሊያሠራ ከመጣ ሰው ነው የሰማሁት።"

"የገዛ አያቱን ይክዳል" አሉ ሽማግሌው፣ ለእትዬ ወይንሸት። "ግራዝማችም እንዲሁ ነበሩ፣ ሲያፈጥጡባቸው ይክዱ ነበር። ደሙ ነው።"

እትዬ ወይንሸት ዓይኔን አዩኝ። "ያን ጊዜ ነኝ ያልከው ልጅቷን ለማግኘት ነው" አሉ። "አሁን አይደለሁም የምትለው ልጅቷን ላለማጣት ነው። የትኛውን ልመን?"

ማልኩ። አላመኑኝም። ውሸቱን እንዴት እንደፈጠርኩት፣ ለምን ያን እንደጨመርኩበት፣ ሁሉንም ተረክኩላቸው። ስናገር እኔው ራሴ አላመንኩትም፤ ለውሸት የማሳምረው አፍ ለእውነት ኮልታፋ ሆነብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዋሽቼ ያላመነኝ ሰው አልነበረም። አንዴ እውነት ብናገር ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ እብድ ያዩኝ ጀመር።

"ምስክር አለህ?" አሉ እትዬ ወይንሸት።

ምስክር ነበረኝ። አንድ ሰው። ግን ያን ምስክር ከማምጣት እንሰቱ ውስጥ ተመልሼ ብገባ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር እናንተንም ደብቄያችኋለሁ፣ አሁን ልናገረው። አያቴን ብቻ አይደለም የዋሸሁት።

"እናቴ አለች" አልኩ።

እትዬ ወይንሸት "እናትህ ሞታለች ብለኸኛል" አሉ። "ክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው ብለኸኝ፣ በየወሩ ለቄሱ ስሟን እየሰጠሁ ለነፍሷ ሳስጸልይ ዓመት ሊሆነኝ ነው።"

እናቴ በሕይወት ነበረች። ከቴፒ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከምትሆን መንደር ነው የምትኖረው፤ ብሔሯ ሸኮ ነው፣ በሰው ቡና ላይ ለቃሚ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ጨውና ስኳር አደርስላታለሁ፣ ከተማ እንዳትመጪ፣ ወባ አለ እላታለሁ። ወባው እኔ ነበርኩ። የአማን ሰዎች ለቃሚ እናቴን ካዩ ልጃቸውን አይሰጡኝም ብዬ፣ ገና ከአስቴር ጋር በተዋወቅን ሰሞን ነው የቀበርኳት። ሦስት ቃል ነው የፈጀብኝ፦ እናቴ የለችም፣ ሞታለች።

እትዬ ወይንሸት አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጠፉና "ነገ ትወስደኛለህ" አሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ሚዛን አድረን እሁድ ማለዳ ወደ ቴፒ ስንመለስ እሳቸው ጋቢና፣ እኔ ጆንያ ላይ። ብርቱካን የላከልኝ የለም።

እናቴ ደጃፏ ላይ ቡና ሰሌን ላይ እየበተነች ደረስን። እኔን ስታይ ፈገግ አለች፣ ከኋላዬ ነጭ ነጠላ ስታይ ፈገግታው ጠፋ። እናቴ አማርኛ የተማረችው ቡና ስር ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አልደረሳትም።

"አንቺ ማን ነሽ?" አለቻቸው። "ልጄ ምን አደረገ?"

"ምንም አላደረገም" አሉ እትዬ ወይንሸት። "ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።" አማን ላይ ወይዘሮ የሚባሉት ሴትዮ የቀረበላቸውን ዱካ ትተው ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸውም ዝም አላለም፣ ከቡናው መሐል ጠጠር ይለቅሙ ጀመር። ጥቂት ቆይተው ስለ አባቴ ጠየቁ።

"ሐንዲሶ" አለች እማ። "ከከምባታ ለለቀማ መጣ። ሁለት ቡና ከእኔ ጋር ነበረ። ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ሄደ። አልመጣም።"

"ግራዝማች አበጋዝ የሚባሉ ሰው ያውቃሉ?"

እማ አሰበች። "እሱ ማን ነው? ቡና ገዢ ነው?"

እትዬ ወይንሸት ከት ብለው ሳቁ። ዓመት ሙሉ በእኔ ቀልድ ያልሳቁ ሴትዮ። እኔም ልስቅ ጀመርኩ፤ ሰባት ቤቱ ተፈታ፣ ዘመድ አይደለንም፣ አስቴርን አላጣሁም ብዬ። ሳቄ ሳያልቅ እማ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። እኔን አላየችም።

"ልጄ ከተማ አትምጪ ይላል" አለች። "እኔ ሞኝ አይደለሁም። ያፍራል በእኔ?"

ቡናው ላይ የነበረው የእትዬ ወይንሸት እጅ ቆመ። ዞረው አዩኝ። አስተያየታቸውን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። እኚህ ሴት ቴፒ ውስጥ ሐሰት ተናግረው የማያውቁ ናቸው። ባለሱቅ ሚዛን ሲያዛባ ይመሰክሩበታል፣ ንስሐ አባታቸው ሲያረፍዱ አረፈዱ ይሏቸዋል። በዚያ ጊዜ ሁለት ቃል ቢናገሩ እኔ የማልገባበት ጉድጓድ የለም።

"ምን በወጣው" አሉ። "ስለ እርስዎ ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም። ዛሬም ካላዩልኝ ብሎ ለምኖ ነው ያመጣኝ።"

እማ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረውን አልነግራችሁም። ጎተራ ሙሉ ቡና ቢሰጧት እንደዚያ አትሆንም ነበር። ጎደሬ ልትቀቅልልን ሮጣ ገባች።

ስንመለስ አንዲት ወንዝ ደረስን፤ እትዬ ወይንሸት ነጠላቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ተራመዱና ማዶ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ዛሬ ሰንበት ነው" አሉ። "በሰንበት ዋሸሁ። ለአንተ እንዳይመስልህ።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ንስሐውን እኔ እገባለሁ። አንተ ደግሞ ያልኩትን እውነት ታደርገዋለህ።"

ቤት ስንደርስ አስቴር በር ላይ ነበረች። እትዬ ወይንሸት "ይህ ልጅ የሚነግርሽ አለው" አሏትና ገበያ በሌለበት ቀን ዘንቢል አንጠልጥለው ወጡ። ዓመት ሙሉ የተመኘሁትን አገኘሁ፤ እኔና አስቴር ብቻችንን። የእኔ ምኞት ሲገኝ እንዲህ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "እናትህ የሰው ቡና ስትለቅም፣ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ነው የእኔን ወጥ እየበላህ ሞተች ያልከው?" በሩን ከፍታ ቆመች። ወጣሁ።

ለቀማው አልቆ ቡናው እስኪደርቅ ድረስ አላነጋገረችኝም። ኩባውን ግን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ የሰርግ ግብዣ በልቤ ደግሼለት እንደነበር ስነግረው በስፓኒሽ ሰደበኝ፤ ሳይተረጉምልኝም ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ አንድ ሥራ ነበረኝ። እማን ቴፒ አመጣኋት። ሱቄ በር ላይ ወንበር አወጣሁላት። ሬዲዮ የሚያመጣውን ሁሉ "እናቴ ናት" እለው ነበር። መጀመሪያ ቃሉ እሾህ ነበር፣ እየዋለ እንጀራ ሆነ። አንድ ቀን ከሥራዬ ቀና ስል እማ አጠገብ ሌላ ወንበር ተቀምጧል፣ አስቴር ተቀምጣበታለች፣ ሁለቱ ያወራሉ። እትዬ ወይንሸት ከማዶ ሱቅ ስር ቆመው እየጠበቁ ነው። አልመጡም፣ አልተጠጉም። ጀርባቸውን ሰጥተውን ነበር።

ሽማግሌ አማን ላክሁ። የአስቴር አባት ለለቃሚ ልጅ ልጄን አልድርም አለ። እትዬ ወይንሸት ሄደው አንድ ሳምንት ከረሙ። ምን እንዳሉት ዛሬም አልተነገረኝም። ሲመለሱ ቀኑን ቆርጠው ነው የመጡት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ጎረምሶች፣ ይህን ያጫወትኳችሁ ውሸት መጥፎ ነው ልላችሁ አይደለም፤ እሱን ቄሱም ፓስተሩም ይነግሯችኋል። እኔም ዛሬም ስለ ሬዲዮ ስናገር እጨምራለሁ። ግን ጠባቂ የመሰላችሁን ሰው ሁሉ በጠላትነት አትዩት። ያን ቅዳሜ እኔ ከላስቲክ ስር ሆኜ አንዲት ሴት ላይ ሦስት ዓይነት ወንጀል ስፈጥር፣ እሳቸው በጋቢናው ውስጥ ለእኔ መንገድ ይፈልጉ ነበር። መጠርጠር የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ነጭና ጥቁር ጫማ ያደረገው።

እትዬ ወይንሸት እኛው ቤት ነው ያረጁት፤ እማም እንዲሁ። ሁለቱ አይለያዩም ነበር። ቤተ ክርስቲያን አንዷ ትገባለች፣ ሌላዋ ቅጥሩ ስር ትጠብቃለች። እማ እስከ መጨረሻው "አንቺ ወይንሸት" ነበር የምትላቸው፣ እሳቸው ደግሞ "እርስዎ"። መጀመሪያ ያረፉት እትዬ ወይንሸት ናቸው። ያን የእሁዱን ነገር ለእማ ሳይነግሯት ሄዱ። እማም ልጇ በሕይወት ሳለች እንደቀበራት ሳታውቅ ኖረች።

ዛሬ ሰው የማን ልጅ ነህ ሲለኝ አልቀልድም። የሐንዲሶ ልጅ ነኝ እላለሁ፤ አላየሁትም። እናቴ አየለች ትባላለች፣ ቡና ለቃሚ ነበረች። አሁን በእውነት ሞታለች።